ክትፎ ክትፎ የሚሸት የጾም ዘይት

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ኬሚስትሪ በምማርበት ጊዜ ኮልፌ ሰፈራችን ውስጥ ስለ እኔ ሁለት ወሬ ይወራ ነበር። አንደኛው «የቅቤ ነጋዴው ልጅ ሐኪም ልትሆን ነው» የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ «የቅቤ ነጋዴው ልጅ አረቄ ማውጣት ጀምራለች» የሚል። ሁለቱም ውሸት ነበሩ። ሁለተኛው ግን ለእውነቱ ትንሽ ይቀርብ ነበር።

ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ናቸው። ክፍላችን ውስጥ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። መምህራችን ከውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው ከሁለተኛው ረድፍ የማያልፍ፣ ቁጡ ያልሆኑ ግን የሚያስፈሩ ሰው ነበሩ። ከገና በኋላ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፉ ወደ እኛ ዞሩና፣

«ለዓመቱ ሥራችሁ ከመጽሐፍ ጥያቄ እንዳታመጡልኝ። ከቤታችሁ አምጡ። ቤታችሁ ውስጥ የሚበላሽ ነገር የለም?» አሉ።

አንዱ የጉድጓድ ውሃ አለ፤ ሌላው ሳሙና አለ። እኔ ሳላስበው «ዘይት» አልኩ።

ይህ ከአፌ የወጣው በጎረቤታችን ምክንያት ነው። ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤታችን ከስልጤ አገር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም ሴት ናቸው፤ የኑግ ዘይት ይሸጣሉ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ሱቃቸው አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። እዚያ መስኮት ላይ ዘይት የሞላባቸውን ጠርሙሶች ደርድረው ያቆሟቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍባቸው እንደ ወርቅ ያበራሉ። መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ሳያይ አያልፍም። ችግሩ ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ዘይቱ መሽተት ይጀምራል፤ ጉሮሮ ላይ ይጎመዝዛል። ደንበኛ እየመለሰ ያመጣል። እትዬም «ይሄን ኑግ ማን ረገመው?» እያሉ ይማረራሉ።

በእኛ በኩል ባለው ግድግዳ ደግሞ እናቴ በኮሰረት ያነጠረችው ቅቤ እንስራ ውስጥ ዓመት ይቀመጣል፤ ሽታው ንክች አይልም። አባቴ ከገጠር በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ የሚያመጣው ያልተነጠረ ቅቤ ግን ቀን በተቆጠረ ቁጥር ይበስላል፣ ቀጥሎም ይሸታል። ያው ስብ ነው፤ አንዱ ይቆያል፣ አንዱ አይቆይም። ይህን ለመምህሩ በነገርኳቸው ማግስት «ያንን የኮሰረት ቅጠል እስቲ አምጪው» አሉኝ። አመጣሁላቸው። አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ይሄማ ክትፎ ነው» አሉ።

ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ዘይትም ቅቤም አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ይፈርሳሉ፤ ሽታው የፍርስራሹ ሽታ ነው። አንዳንድ ቅጠል ውስጥ ግን በመሀል የሚገባ ነገር አለ፤ ኦክስጅኑ ዘይቱን ከመንካቱ በፊት ያ ነገር ራሱን ይሰጠዋል። ዛሬ በየማስታወቂያው አንቲኦክሲዳንት እየተባለ የሚወደሰው መሆኑ ነው። ያኔ ቃሉን ከእሳቸውና ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

«እንግዲህ ያንን ነገር ከኮሰረቱ አውጪልኝ» ብለው ሄዱ።

ኮሰረት ያለው እናቴ ጋ ነው። ለፋሲካ ቅቤ ብላ ጓዳ ውስጥ፣ ጥላ ላይ አስጥታ ያደረቀችው አንድ ትልቅ እሽግ ነበራት። መጽሐፉ «ቅጠሉ ፀሐይ ሳያገኘው ይድረቅ» ይላል። እኔም ትልቅ ምስጢር ያወቅሁ መስሎኝ፣

«እማዬ፣ ኮሰረት ፀሐይ ላይ አይሰጣም አሉ» አልኳት።

«ማነው ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው? ያበደ ነው?» አለችኝ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። በማግስቱ እሷ ገበያ በሄደችበት ከእሽጉ ከግማሽ በላይ ወሰድኩ። ስትመለስ ያለቀሰችው ልቅሶ ለዘመድም የሚበቃ ነበር። «የፋሲካ ቅቤዬን! ለትምህርት ብለሽ! ትምህርት ቤት ኮሰረት ምን ይሠራል?» አባቴ መሀል ገብቶ ከሚቀጥለው ገበያ ሌላ እንደሚያመጣላት ቃል ገባና አበረዳት። እኔን ግን ሳምንት ሙሉ «ሌባዋ» እያለች ጠራችኝ፤ ራት ስታቀርብ ሁሉ «ሌባዋ እጇን ትታጠብ» ትል ነበር።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ቅጠሉን ወቅጬ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ትልቅ ጠርሙስ ሞላሁ። በሁለት ቀን አልኮሉ ጥልቅ አረንጓዴ ሆነ፤ ወደ መብራት ሲያዩት ጠርዙ ቀላ ይላል። የቀረኝ አልኮሉን በቀስታ አትንኜ ታች የሚቀረውን ዝቃጭ መውሰድ ነበር። በዚያው ሳምንት ተማሪው አመፀና ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያ ዘመን መዘጋት እንግዳ ነገር አልነበረም። «ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ» ሲባል ሌላው ተማሪ ደብተሩንና ሹራቡን ያዘ፤ እኔ ጠርሙሴን በነጠላዬ ጠቅልዬ አቀፍኩ።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠርሙሱ የተወተፈው በጥጥ ነው፤ ገና አንድ ፌርማታ ሳንሄድ ሽታው መኪናውን ሞላው። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ አሸተቱ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ በመጨረሻ ነጠላዬ ላይ አፈጠጡ።

«ልጄ፣ ካቲካላ ነው?»

«አይደለም አባባ፣ ትምህርት ነው።»

«ትምህርት!» አሉ ሽማግሌው፣ ለሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «ለካ ልጆቹ እንዲህ ሆነው ሰልፍ የሚወጡት ወደው አይደለም!»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ኮልፌ እስክንደርስ ቀና አላልኩም።

ቤት ስደርስ ሥራውን ራሴ ልጨርሰው ወሰንኩ። አልኮል እሳት አጠገብ እንደማይቀርብ በሚገባ ተምሬአለሁ፤ ቤተ ሙከራችን ውስጥ ለዚህ ተብሎ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበር። እኛ ግቢ ያለው ግን የከሰል ምድጃ ነው። ነበልባል የሌለው ከሰል ምን ያመጣል ብዬ ድስት ውስጥ ውሃ ጣድኩ፣ ጠርሙሱን መሀሉ አቆምኩ፣ ቁጭ ብዬ ማራገብ ጀመርኩ። በኋላ ሳስበው የሚገርመኝ ማራገቤ ነው።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። «ቡፍ» ብቻ ነው ያለው። የአልኮል እሳት በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ እኔ ያየሁት አየሩ ሲርገበገብ ነው፤ የተሰማኝ ደግሞ የግንባሬ ሙቀት። እናቴ ጥግ ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። አልጮኸችም፣ አልጠየቀችም፤ ሳፋው ውስጥ የተዘፈዘፈውን የአባቴን ጋቢ ውሃውን እንዳንጠባጠበ አንስታ ምድጃው ላይ ወረወረችው። ጭሽ አለና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው።

ጉዳቴ የግራ ቅንድቤ ብቻ ነበር። የጋቢው ግን የከፋ ነው፤ መሀሉ ላይ እንጀራ የሚያህል አረንጓዴ ክብ ወጣበት፤ እስከ መጨረሻውም አልለቀቀም። ጎረቤት አጥሩ ላይ ተሰለፈ። አየሩ በሙሉ አልኮል አልኮል ይላል። የዕድራችን ዳኛ ሳይቀሩ መጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ልጄ፣ አረቄውን ብታወጪ እኛ አንከለክልም። ግን አጥራችን ሸምበቆ ነው» አሉኝ።

ስለ አረቄው የሚወራው ወሬ እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ዘይት ሻጯ እትዬ መጥተው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ትዳብሳለች፤ እየዳበሰች ትሳደባለች። እትዬ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቁኝ። ዘይታቸው እንዳይሸት ብዬ መሆኑን ሲሰሙ ዓይናቸው ራሰ። ወዲያው ግን ግራ ገባቸውና ወደ እናቴ ዞሩ።

«አንቺ ቅቤ ስታነጥሪ ኮሰረቱን አረቄ ውስጥ ትነክሪዋለሽ እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! ቅቤው ራሱ ይጠጣዋል እንጂ።»

እርጥቡን ጨርቅ ከግንባሬ ላይ አንስቼ ቀና አልኩ። ቅቤው ራሱ ይጠጣዋል። መምህሬ አልኮል ያሉት ያንን ነገር ከቅጠሉ ለማውጣት ነው፤ እናቴ ግን በየዓመቱ ያለ አልኮል ታወጣዋለች። ስቡ ራሱ ነው የሚያወጣው፤ ምንም የሚተን፣ ምንም የሚነድ ነገር አያስፈልግም። ይህን ለማወቅ አንድ ቅንድብ ከፈልኩ።

በማግስቱ ከእትዬ ገና የተጨመቀ ኑግ አመጣሁና እናቴ አለቃ ሆነች። እሳቱን አሳነሰችው። ኮሰረቱ ሲገባ ዘይቱ መንጫጫት ጀመረ።

«ጆሮሽን ስጪው» አለችኝ። «ሲንጫጫ ውሃ አለበት ማለት ነው። ዝም ሲል ታወርጃለሽ። ዝም ካለ በኋላ ከቆየሽ አረረ።»

ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዚህ ቴርሞሜትር ነበረን። ዝም ሲል አወረድን፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለልን። ሁለት ጠርሙስ ኮሰረት የገባበት፣ ሁለት ጠርሙስ ምንም ያልገባበት ዘይት ቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ አወጣሁ። የመጋቢት ፀሐይ ነው፤ ጣሪያው ላይ እጅ አያስቀምጥም። አንገታቸው ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ክር አሰርኩ።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ጠርሙሶቹን አሽትቶ የሚፈርደው አባቴ ነበር። አባቴ ቅቤ አሽትቶ የየትኛው አገር እንደሆነና ስንት ሳምንት እንዳስቆጠረ የሚናገር ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ሲጣሉ ሰዎች እሱን ይጠሩታል። ዓይኑን በሻሽ አሰርኩት። ሰፊውን አፍንጫውን አንድ በአንድ ጠርሙሱ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ሸቷል። ይሄም ሸቷል። ይሄ ደህና ነው፣ ኮሰረት አለበት። ይሄም እንደዚያው።»

«አባዬ፣ ኮሰረቱ ሸፍኖብህ እንዳይሆን?»

ሻሹን አወለቀ። የተቀየመ መሰለ።

«ስንቱ ነው የሸተተ ቅቤ ላይ ቅመም ጭኖ ሊሸጥልኝ የሞከረው? እኔ የማሸተው ከቅመሙ ሥር ያለውን ነው። ሥሩ ደህና ነው አልኩሽ፣ ደህና ነው።»

እትዬ እልል አሉ። ዕለቱን አንድ ማሰሮ ሙሉ እንድንሠራላቸው ለመኑን፤ ሠራንላቸው። ማናችንም፣ እኔም እናቴም አባቴም፣ ወቅቱ ሁዳዴ መሆኑ ምን እንደሚያመጣ አላሰብንም።

ሁለት ቀን ቆይቶ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ሰማሁ። ከላይኛው መንደር ያሉ፣ ጾም በማጥበቅ የሚታወቁ አንዲት እማማ ጠርሙሳቸውን አንቀው ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆመዋል።

«ሁዳዴን ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ዘጠኝ ሰዓት የምደርሰው ሴትዮ! ትናንት ሽሮዬ ክትፎ ክትፎ ሸተተኝ! ቅቤ አግብተሽበታል!»

«ወላሂ! ቅቤ በቤቴ የለም!» አሉ እትዬ። «እኔ የሰው ጾም ላስፈታ?»

መንገደኛ መቆም ጀምሯል። ባዶ እግሬን ሮጥኩ። «እማማ፣ ቅጠል ነው! ኮሰረት ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት!» አልኩ። እማማ ቅንድቤን አዩና «አረቄ የምታወጣዋ?» አሉ። ነገሩ ባሰ።

መጨረሻ ላይ የንስሐ አባታቸው ይዳኙን ተባለ። እማማ ከፊት፣ እኔ ጠርሙሱን ይዤ ከኋላ፣ እትዬ «የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ባልገባም በሩ ድረስ እመጣለሁ፣ ስሜ ሲነሳ መስማት አለብኝ» ብለው ከጎኔ። ሦስታችን ዳገቱን ስንወጣ ሰው ሁሉ ሠርግ ነው ወይ ልቅሶ እያለ ያየናል። ቄሱ በሩ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። ጠርሙሱን ተቀበሉ፣ አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው አሸተቱ። ሦስተኛ ሲያሸቱ እማማ ሳል አሉ።

«ቅጠል ነው» አሉ ቄሱ። «ቅጠል ጾም አይሽርም። ሴትዮዋም አልዋሹም፣ ልጅቷም አልዋሸች።» ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉና ጠርሙሱን መለሱልኝ። «ግን ልጄ፣ እስከ ፋሲካ ይሄን ለሰው አታሽቺ።»

እማማ እንኳ ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቁም። ሱቃቸው በር ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዘይቱ ሲሸት ሰው ‹ዘይቷ ሸተተ› ነው የሚለው። ቅቤ አለበት ሲባል ግን እኔን ነው ያሙት። ሃያ ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ተቀምጬ እንዲህ ተብዬ አላውቅም።» ከዚያ ፊታቸው ላላ አለ። «ሥራሽ ጥሩ ነው። ግን ሽታውን አጥፊልኝ።»

ደስ ብሎኝ የጀመርኩት ነገር ሰው ፊት እንዳዋረዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ማሰሮውን መልሼ ወሰድኩ፣ የከፈሉበትን ኑግም አባቴ ተካላቸው። ከዚያ እናቴን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የኮሰረት ሽታ በምን ይጠፋል?»

«ይጠፋል ብዬ እኮ ነው የምከድነው!» አለች። «ሳትከድኚ ከቀቀልሽው በእንፋሎቱ ይሄዳል።»

ዩኒቨርሲቲው ከፋሲካ በኋላ ሲከፈት ይዤ የሄድኩት ይህን ነበር። ኮሰረቱን ሳልከድን ቀቀልኩት። የሕንፃው ሰው ሁሉ እየመጣ «ዛሬ ምሳ እናንተ ጋ ነው?» ይል ነበር። ሽታው ሲወጣለት ቅጠሉን አደረቅሁና በኤሌክትሪክ ማሞቂያው፣ በሥርዓቱ፣ በአልኮል አወጣሁት። ታች የቀረው እንደ ሬንጅ የሚለጠፍ፣ በማንኪያ ጫፍ የሚነሳ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። ትንሽ ትንሹን ዘይት ውስጥ አሟሙቼ እንደ በፊቱ ፀሐይ ላይ አቆየሁት። ቀጥሎ የሚመጣው መለካት ነው፤ የተበላሸ ዘይት ውስጥ የአዮዲን ጨው የሟሟበት ፈሳሽ ሲጨምሩበት አዮዲን ይለቅና በስታርች ሰማያዊ ይሆናል፤ ሌላ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረጉ ሰማያዊው እስኪጠፋ ይቆጥራሉ። ብዙ ጠብታ ከፈጀ ብዙ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ምንም ያልገባበት ዘይት ጠብታዬን ጠጥቶ ጠጥቶ አልጠግብ አለ። ጥሬው ኮሰረት የገባበት ወዲያው ጠራ። የተቀቀለው ከሁለቱ መሀል ዋለ። ጉልበቱ ከጥሬው ይደክማል፤ ከምንም ግን በጣም ይሻላል፤ ሽታውም ካልነገሩት ሰው የሚያውቀው አይደለም። መምህሬ ኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። ሰማያዊው ድንገት ሲጠፋ «እሰይ» አሉ። ያን ቃል ከእሳቸው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለእትዬ ብልቃጥ ሞልቼ ልውሰድላቸው ስል ግን መምህሬ ከለከሉኝ። «ቅጠሉን ሰው ሲበላው ኖሯል። ይሄን ያጠራቀምሽውን ማንም አልበላውም። እስክናውቅ ድረስ አይሸጥም። ሴትየዋን ዘይቱን ከፀሐይ እንዲያነሱት ንገሪያቸው፤ ግማሹን የሚያበላሸው ብርሃኑ ነው።»

እትዬ ይህን ስነግራቸው መስኮታቸውን አዩና አዘኑ። የሚያበራው ዘይት ነው ገበያቸው። ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ በሙሉ ጓዳ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ቀጭን ሻይ ተሞልተው አገኘኋቸው። ከኑግ ዘይት ይበልጥ ያበሩ ነበር። ዘይቱም ከዚያ ወዲህ ቶሎ አልሸተተም፤ የሚመልስም ጠፋ። አንድ ሰው ብቻ «ከመስኮቱ ላይ ያለው ነው የምፈልገው» ብሎ ድርቅ ስላለባቸው አንድ ስኒ ቀድተው አጠጡት።

የዓመቱን ሥራ በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ በታይፕ አስመትቼ ለመምህሬ ሰጠሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ የተጠቀምኩባቸው መጻሕፍት ተዘርዝረዋል፤ ከእነሱ ሥር የእናቴን ስም ከነአባቷ ጽፌ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውት መለሱልኝ። ቢሯቸው ሄድኩ።

«እናትሽ እኮ መጽሐፍ አይደሉም።»

«አይደለችም፣ ዶክተር። ግን ጥላ ላይ ማድረቁን፣ በስብ ማውጣቱን፣ ሽታውን በእንፋሎት ማስወጣቱን የነገረችኝ እሷ ናት። መጽሐፉ የነገረኝ አንዱን ብቻ ነው።»

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ። መስኮቱን አዩ። ከዚያ ገጹን ሳቡና በሰረዙት ላይ በራሳቸው እጅ እንደገና ጻፉት፤ ከጎኑም «በቃል የተገኘ ትምህርት» የሚል ጨመሩበት። ገጹን እንደገና አስመታሁ።

ቤት ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ፊደሉም የባዕድ ነው።

«የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ።

ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አሳረፍኩት። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ በቀስታ ሄደችበት። ከዚያ ከላይ ወዳሉት ስሞች ወጣችና፣

«እነዚህስ እነማን ናቸው?» አለች።

«ፈረንጆች ናቸው፣ የመጻሕፍቱ ባለቤቶች።»

ትንሽ አሰበች።

«ቅቤ ያነጥራሉ?»

«አላውቅም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።